ስላሽ ላይ 27 ጥርስ ፒኒየን አስገብቼ ሞተሩ ይግላል ጊሩም ይጮሃል፣ ምን ላርግ?

አቧራ_ጠጪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአርሲ መኪና (በሪሞት የምትነዳዋ ትንሿ መኪና) ነገር የገባችሁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ያክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ትራክሳስ ስላሽ አለኝ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ነው፣ ያገለገለ ቢሆንም ንፁህ ነው፣ ሞተሩ 3500 ኬቪ ብራሽለስ ባትሪው 2ኤስ (ባለ ሁለት ሴል) ሊፖ። ትልቁ የፕላስቲክ ጊር ላይ 86 የሚል ተፅፏል። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ጊር (ፒኒየን ነው አይደል የምትሏት) ጥርሷ ተበልቶ ስለነበር አንድ ከቻይና እቃ የሚያስመጣ ልጅ ጋ ባለ 27 ጥርስ አግኝቼ ቀየርኩ፣ ፒኒየን ሲተልቅ ፍጥነት ይጨምራል ሲሉ ስለሰማሁ እንደውም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ጋዝ ስሰጠው ጊሩ ይጮሃል፣ መጮህ ብቻም አይደለም ያፋጫል። ሞተሩ ደሞ ጃንሜዳ ሳሩ ላይ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እጅ አያስነካም፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ቀጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ ይሰራል። ሞተሩን ወደ ጊሩ ጠበቅ አርጌ ባስጠጋውም ላላ ባረገውም ድምፁ ያው ነው። ስንት ጥርስ ነው የምገዛው? ትልቁንስ ልቀይር? እዚ ካላገኘሁ ቶርኖ ቤት ማሰራት ይቻላል ወይ?

ሻርጃ_በረሃ፦
ሰላም ወንድሜ። ስለ ጥርስ ብዛት ከማውራታችን በፊት የጥርሱን መጠን እንወቅ። አንተ የቆጠርከው ብዛቱን ነው፣ መጠኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የስላሽ ባለ 86ቱ ስፐር (ትልቁ የፕላስቲክ ጊር) በጥርስ መጠኑ 48 ፒች የሚባለው ነው፣ ከቻይና የሚመጣው ፒኒየን ግን ብዙ ጊዜ ሞድ 0.6 የሚባለው ሌላ መጠን ይሆናል፣ በአይን ስታየው ያው ይመስልሃል፣ ስታገጣጥማቸውም የሚሄዱ ይመስላሉ ግን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት አንዱ 1.66 ሚሊ ሌላው 1.88 ሚሊ ስለሆነ አንዱ ጥርስ ገብቶ ቀጣዩ የሌላውን ጫፍ ይመታል። ብታስጠጋውም ብታርቀውም ድምፁ ካልተቀየረ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካሊብሮ ፈልግና ፒኒየኗን ከጥርስ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጥርስ ጫፍ ለካት በሚሊሜትር። የጥርሱ ብዛት ላይ 2 ደምርና የለካኸውን ለሱ አካፍል። 0.53 አካባቢ ከመጣ 48 ፒች ነው፣ 0.6 ከመጣ ሞድ 0.6፣ 0.8 አካባቢ ከመጣ 32 ፒች ወይ ሞድ 0.8 (እነዚህ ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ አብረው የሚያስኬዷቸው ሰዎች አሉ)፣ ልክ 1 ከመጣ ደሞ የትልልቆቹ የ1/8 መኪኖች ነው። ስፐሩንም እንደዛው ለካው። ቁጥሩን ፃፍልን።

ቶርኖ_ቤት፦
የቶርኖውን ጥያቄ እኔ ልመልስልህ ስራዬ ስለሆነ። በቶርኖ ጥርስ አይቆረጥም፣ ጥርስ የሚቆረጠው ፍሬዛ ላይ ነው፣ እሱም የዛ ጥርስ መጠን ያለው መቁረጫ ካለ። እኛ ጋ ያለው ለመኪና ካምቢዮ ለወፍጮ ለመሳሰለው የሚሆን ትልልቅ ነው፣ ለእንዲህ አይነት ለምላጭ ጥርስ የሚሆን መቁረጫ ያለው ቤት እኔ አላውቅም። ቢገኝ እንኳ ለአንዲት ፒኒየን ማሽን አቁሞ የሚሰራልህ ሰው የሚጠይቅህ ዋጋ ከውጭ ከማስመጣት ይብሳል። ሶማሌ ተራም አትድከም፣ እዛ የምታገኘው የትልቅ መኪና ነው። ቶርኖ ቤት የሚጠቅምህ ቀዳዳ ለማስፋት ነው፣ ለምሳሌ የፒኒየኗ ቀዳዳ 3.17 ለ5 ሚሊ ዘንግ ማድረግ ምናምን፣ እሱም መሃሉን ካልጠበቀ ጊሩ እየተወላገደ ይዞርብሃል።

አንድ ምክር ግን ልስጥህ፣ ትልቁን የፕላስቲክ ጊር ተወውና የብረት ፈልግ። ፕላስቲክ ምን ያረጋል በናታችሁ፣ ብረት ለብረት ነው የሚሄደው።

ሻርጃ_በረሃ፦
አለቃ በስራህ አልገባም፣ ስለ ቶርኖው የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የብረት ስፐሩ ላይ አልስማማም። ፕላስቲኩ እንደ ፊውዝ የተቀመጠ ነው በለው። ድንጋይ ቢገባ ወይ ጎማው አንድ ቦታ ቢያዝ የሚረግፈው በጣም ርካሹ እቃ እንዲሆን ነው የተፈለገው፣ ብረት ካረከው ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባና የካምቢዮውን የውስጥ ጊር ወይ ዲፍሬንሻሉን ነው የሚያወርደው፣ የሞተሩን ዘንግም ሊያጎብጥ ይችላል። ስፐር ለመቀየር አንድ ዳዶ ፈተህ ነው፣ ዲፍሬንሻል ለመቀየር መኪናውን ግማሽ መበተን ነው። ድምፁም ደሞ ብረት በብረት ሰፈር ነው የሚረብሸው። ፒኒየኗ ግን አዎ ብረት ትሁን፣ አሉሚኒየም የሆነችዋ አቧራ ውስጥ ቶሎ ትበላለች፣ ጥርሷ ወደ አንድ ጎን ሹል እያለ ይሄዳል። እንደዛ የሾለች ፒኒየን በአዲስ ስፐር ላይ ከገጠምክ አዲሱን ስፐር ትጨርሰዋለች።

ቶርኖ_ቤት፦
የፊውዙ ነገር ገባኝ። ያው እኛ የለመድነው የማይሰበር መስራት ነው፣ ከዛ ደንበኛው ሌላ እቃ ይሰበርበትና ተመልሶ ይመጣል 😄

አቧራ_ጠጪ፦
እሺ ጎረቤት ካሊብሮ ተውሼ ለካሁ። ፒኒየኗ 17.4 ሚሊ፣ ስፐሩ 46.6 አካባቢ። ሂሳቡን ሰራሁት 17.4 ለ29 ልክ 0.6 መጣ፣ ትልቁ 46.6 ለ88 0.53 መጣ። በቃ እንዳልከው ነው ማለት ነው። ስፐሩን አውጥቼ በደንብ ሳየው ጥርሱ ጫፍ ጫፉ ነጭ ነጭ ብሎ ተፍቋል።

ግን አንድ ያልገባኝ፣ ትክክለኛዋን 48 ፒች 27 ብገዛስ ሞተሩ መጋሉን ያቆማል ማለት ነው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ያለሁ፦
እኔ ልመልስልህ ወንድሜ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስላሽ አለን ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንነዳለን (ልጆቹ ሰልችቷቸው እኛ ቀርተናል)። መልሱ አያቆምም ነው። ድምፁ የጥርስ መጠን ጉዳይ ነው፣ ሙቀቱ ደሞ ከፊሉ ከሱ ይምጣ እንጂ ዋናው ሬሾው ነው።

ሬሾው እንዲህ ነው የሚሰላው፣ ስፐሩን ለፒኒየኑ ታካፍላለህ ከዛ በካምቢዮው የውስጥ ሬሾ ታበዛለህ፣ የሁለት ዊሉ ስላሽ የውስጡ 2.72 ነው። 86 ለ27 3.19፣ በ2.72 ሲባዛ 8.7 ገደማ። ሞተሩ 8.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የስላሽ ጎማ ዳር እስከ ዳር 110 ሚሊ ገደማ ነው፣ በ3.14 ስታበዛው አንድ ዙር 345 ሚሊ ይሄዳል፣ እሱን ለ8.7 ስታካፍል ሞተሩ አንዴ በዞረ ቁጥር መኪናው 40 ሚሊ ይሄዳል። ለጃንሜዳ ሳር ይሄ በጣም ረጅም ነው። ሽሮ ሜዳን በአራተኛ ማርሽ ልውጣ የሚል ሚኒባስ አስበው፣ ሞተሩ ያቃስታል አይፈጥንም፣ ብራሽለስ ደሞ እንደ ታክሲ አይጠፋልህም፣ ከባትሪው ከረንት እየሳበ እየሳበ ይሄድና ሙቀት አርጎ ያወጣዋል። ስፒድ ኮንትሮለሩ (ለሞተሩ ከረንት የሚመጥነው እቃ) ቀጥ የሚለው ራሱን ለማዳን ነው አልተበላሸም።

19 ጥርስ ብታደርገው ሬሾው 12.3 ይሆናል፣ በአንድ ዙር 28 ሚሊ። ፍጥነቱስ ካልክ፣ 3500 ኬቪ ማለት በአንድ ቮልት 3500 ዙር በደቂቃ ማለት ነው ስለዚህ በ7.4 ቮልት 25,900፣ ያንን በ28 ሚሊ ስታበዛው በሰዓት 43 ኪሎሜትር ገደማ ይመጣል። ይሄ ወረቀት ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ ከዛ ታንሳለች። በ27 ደሞ ወረቀት ላይ 62 ታወጣልሃለች ግን ሳር ላይ እዛ አትደርስም፣ ሳትደርስ ነው የምትቃጠለው። 21 ብታደርግ 48 ታወጣለች፣ እኔ ላንተ ሳር እና አቧራ 19 ግዛ፣ አስፋልት ላይ ለመንዳት 21 ጨምር ነው የምልህ። ከዛ በላይ አንድ አንድ ጥርስ እየጨመርክ ሙቀቱን እያየህ እንጂ ከ19 ተነስቶ 27 የሚባል ነገር የለም። አንድ ጥርስ እዚህ አካባቢ 5 ፐርሰንት ገደማ ነው የሚቀይረው፣ ትንሽ ይመስላል ግን ሞተሩ ይሰማዋል። ጎማም ወደፊት ትልቅ ከቀየርክ ያው ፒኒየን እንደመጨመር ቁጠረው፣ ጥርስ መቀነስ አለብህ።

እና ደሞ አዲስ አበባ ነህ አይደል? ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለኸው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር 20 ፐርሰንት ገደማ ሳስቷል። ነዳጅ በሚበሉት የናይትሮ መኪኖች ላይ ጉልበት ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩ ጉልበቱ አይነካም ግን ፋኑ የሚነፋው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀቱን እንደ ዝቅተኛ ቦታ አያወጣለትም። ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ችግር የለውም የሚሉህ ፒኒየን እዛ ሊያግልብህ ይችላል፣ ዩቲዩብ ላይ ያየኸውን ቁጥር ዝም ብለህ አትቅዳ።

ነታንያ_ታሚያ፦
ትምህርት ነው የሰጠሽን እህቴ። እኔ የታሚያ ቲቲ02 የምትባል መኪና ነው ያለኝ፣ ታሚያ ሞድ 0.6 ስለሆነ ያቺን 27 ለኔ ላካት ሃሃሃ። ቀልዴን ነው ወንድሜ፣ የኔ ከካርቶኑ ሲወጣ ስፐሩ 70 ፒኒየኑ 22 ነው፣ ውስጡ 2.6 ስለሆነ 8.27 ይመጣል። ልብ በል፣ ካንተ 8.7 ጋር ያው ማለት ነው ግን የኔ ጎማ ትንሿ የአስፋልት ጎማ ስለሆነች አይግልም። ሬሾውን ብቻ እያዩ መኪና ከመኪና የሚያወዳድሩ ሰዎች የሚሸወዱት እዚጋ ነው።

ሌላ፣ የኔ ላይ ሞተሩ ወደፈለግክበት አይንሸራተትም፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ ብዛት ቡሎን የሚገባበት ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል። ታሚያ ያለው ሰው ካነበበ በማኑዋሉ ላይ ለፒኒየኑ የተፃፈውን ቀዳዳ ይጠቀም፣ እነሱ የሚሉት የወረቀት ዘዴ ለሱ አይሰራም።

አቧራ_ጠጪ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ። እሺ 19 እና 21 አዝዣለሁ 48 ፒች፣ ስፐርም። የወረቀት ዘዴ ምንድነው ደሞ? ከመጣልኝ በኋላ እንዴት ነው የምገጥመው በዝርዝር ንገሩኝ፣ መጀመሪያ ስገጥም በአይኔ ነበር ያስጠጋሁት።

ሻርጃ_በረሃ፦
እሺ። መጀመሪያ የሞተሩን ዘንግ እየው፣ ክብ ሆኖ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ተደርጓል። ፒኒየኗ ላይ ያለችው ትንሿ ጭንቅላት የሌላት ቡሎን የግድ እዛ ጠፍጣፋው ላይ ነው ማረፍ ያለባት፣ ክቡ ላይ ካሰርካት ሁለተኛ ጋዝ ስትሰጥ ትዞራለች፣ ዘንጉንም ትቧጭረዋለች። አብዛኛው ጊዜ 1.5 ሚሊ ብሩጎላ ነው የምትፈልገው፣ ጥራት ያለው ብሩጎላ ተጠቀም እባክህ፣ በርካሹ ቀዳዳውን ካከበብከው ፒኒየኗን ለማውጣት ቶርኖ ቤት ነው የምትሄደው። ሰማያዊውን ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ጠብታ አድርግባት፣ ቀዩን እንዳታደርግ፣ ቀዩ ሳታሞቀው አይፈታም። ሎክታይቱ ፕላስቲክ እንዳይነካ ብቻ፣ ፕላስቲክ ያሰነጥቃል።

ከማጥበቅህ በፊት ግን ፒኒየኗን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እያልክ የስፐሩ ጥርስ በሙሉ ወርዱ እንዲነካት አስተካክል። ግማሽ ጥርስ ብቻ የሚነካ ከሆነ ያ ግማሽ ይላጣል።

ከዛ ሞተሩን የያዙትን ሁለቱን ቡሎኖች ላላ አርገህ ከደብተር አንድ ቀጭን ወረቀት ቅደድ፣ በሁለቱ ጊር መሃል አስገባና ሞተሩን ወደ ስፐሩ ግፋው፣ ገፍተህ እንደያዝክ ቡሎኖቹን አጥብቅ። ከዛ ስፐሩን በእጅህ አዙረህ ወረቀቱን አውጣ፣ ተሸብሽቦ ግን ሳይቀደድ መውጣት አለበት፣ ከተቀደደ ጠብቋል። ፒኒየኗን በጣትህ ያዝና ስፐሩን ወዲህ ወዲያ ነቅነቅ አርገው፣ ትንሽዬ ጭዋታ መኖር አለበት፣ ከሌለ ሞተሩ ገና ሳትነዳው ይግላል። ብዙ ሰው የሚዘልላት ነገር፣ ስፐሩን ሙሉ ዙር እያዞርክ በየቦታው ቼክ አድርግ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ፍፁም ክብ አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ ጠበቅ ይላል። ጭዋታውን የምትለካው እዛ ጠባቡ ቦታ ላይ ነው።

የሞተሩ ቡሎኖች ከጠፉብህና ሌላ ከፈለግክ ረጅም እንዳትጠቀም፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሽቦውን ይነካና ሞተሩ አበቃ። እና ደሞ ስፐሩ ላይ ያለውን ስሊፐር ክላች እስከመጨረሻ አታጥብቀው፣ ከቆመበት ጋዝ ስትሰጠው ትንሽ ተንሸራቶ ነው መያዝ ያለበት።

ቶርኖ_ቤት፦
ግራሶስ? ጊር ያለ ግራሶ አይሄድም እኮ።

ሻርጃ_በረሃ፦
የካምቢዮው ውስጥ አዎ፣ ዝግ ስለሆነ። ስፐርና ፒኒየን ላይ ግን ምንም አታድርግ፣ ደረቅ ነው የሚሄዱት። ግራሶ ካደረክ አቧራው ይለጠፍበትና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እኔ ያለሁበት አሸዋ ስለሆነ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ወሳኙ ግራሶ ሳይሆን የጊር ክዳኗ ናት፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ትጠፋለች። አቧራ_ጠጪ ያንተ ላይ አለች?

አቧራ_ጠጪ፦
አይ የለችም። ጊሩ ክፍት ነው። ሲመጣም ክፍት ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ያለሁ፦
ሃሃ የመጀመሪያዋን ፒኒየን ማን እንደበላት ታወቀ። ክዳኗን እዘዝ ከፒኒየን በፊት።

ሙቀቱን ደሞ እንዴት እንደምታየው ልንገርህ። አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ትንሽ ንዳና አቁመህ ሞተሩን ለካ፣ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቅ። 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ 80 ከጠጋ ጥርስ ቀንስ ወይ አሳርፈው። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቀነውን ቴርሞሜትር አውጥተህ እንዳትለካው፣ እሱ የሰው ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው፣ ከዛ ካለፈ ኤረር ወይ ሃይ ይልሃል። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት በጨረር የሚለካው ነው የሚያስፈልግህ። እሱ ከሌለ ጣትህን አሳርፍበት፣ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ከቻልክ ደህና ነው፣ ወዲያው ካስነሳህ በዝቷል። በጠብታ ውሃ የሚሞክሩም አሉ፣ ውሃው ቸስስ ካለ ግን ከ100 አልፏል በጣም ረፍዷል።

አቧራ_ጠጪ፦
የመጨረሻ ጥያቄ አትሰልቹኝ። ጓደኛዬ 3ኤስ (ባለ ሦስት ሴል) ባትሪ አለው ሊያውሰኝ ነው፣ በ19 ይሆናል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ያለሁ፦
የአንተ 3500 ሲስተም 3ኤስ ይችላል፣ በ19 ወረቀት ላይ 65 ኪሎሜትር ነው። አስፋልት ላይ ትንሽ ትንሽ ንዳው ሳሩ ላይ ግን ተወው። 21ዋን በ3ኤስ አትንካ፣ እሷ የ2ኤስ ናት። ከ3ኤስ ጋር ልትከርም ካሰብክ እንደውም ከ19 በታች ውረድ።

ሻርጃ_በረሃ፦
እስማማለሁ። ሰው ካለበትና ህፃናት ከሚጫወቱበት ራቅ በል ደሞ፣ በዛ ፍጥነት እግር ቢመታ ይሰብራል።

አቧራ_ጠጪ፦
እሺ። ላክስቴ ልጅ ቴክስት አርጌለታለሁ፣ 19 እና 21 ብረት 48 ፒች፣ 86 ስፐር ሁለት ፍሬ፣ ክዳን፣ ሰማያዊ ሎክታይት፣ 1.5 ብሩጎላ። አንድ ባትሪም ላምጣልህ ወይ ብሎኛል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ያለሁ፦
ባትሪውን የሚያመጣ ከሆነ በእጅ ቦርሳው ነው የሚይዘው፣ መለዋወጫ ሊፖ ለአየር መንገዱ የሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ጫፎቹን በፕላስተር ይጠቅልላቸው። ፒኒየኑን ሲገዛ ደሞ ፓኬቱ ላይ 48 የሚለውን አይቶ ይሁን፣ ሱቁ ውስጥ 32ቱም እዛው አጠገቡ ነው የሚሰቀለው።